ታሪኩ የማን ነው? ስለ እስያ ድራማዎች የጋራ ሥራ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የኮሪያ፣ የጃፓን፣ የቻይናና የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን የሚመለከቱ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን እትም የጥያቄና መልስ አምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል። ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ ድራማ መጨረሻ ላይ የሦስት አገር ኩባንያዎች ስም በተከታታይ ሲያልፍ አየሁ። በጋራ ተሠራ ሲባል ማን ምን ሠራ ማለት ነው? ገንዘብ ያወጣውም፣ ቀረጻውን ያከናወነውም እኩል ባለቤት ይሆናሉ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እኩል አይሆኑም፤ ስሞቹ ጎን ለጎን መጻፋቸውም የማንንም ድርሻ አያሳይም። በጋራ ተሠራ ከሚባል የእስያ ድራማ ጀርባ በጣም የተለያዩ ግንኙነቶች ይገኛሉ። ሁለት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ወጪውን ተካፍለው፣ በስክሪፕቱ ተስማምተውና የየአገራቸውን የስርጭት መብት ይዘው የሚሠሩበት ጊዜ አለ። በእውነት የጋራ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቀረጻ ላይ ሁለት አለቃ፣ ሁለት የሥራ ልማድና ሁለት ዓይነት ተመልካች ማስተናገድ አድካሚ ስለሆነ ብዙም አይዘወተርም። ድራማው በአንድ አገር ባለሙያዎች እየተሠራ የሌላ አገር ኩባንያ ገንዘብ የሚያስገባበትም አሠራር አለ፤ ገንዘብ አስገቢው በምላሹ በአገሩ የማሰራጨት መብት ወይም ከአምራቹ ኩባንያ አክሲዮን ያገኛል።

ከዚህ በስፋት የሚሠራበት ታሪኩን ብቻ ገዝቶ በራስ ተዋንያንና በራስ ቋንቋ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ዮኮ ካሚዮ የተባለች ጃፓናዊት ደራሲ በሥዕል ያዘጋጀችው «ሀና ዮሪ ዳንጎ» የተሰኘ የትምህርት ቤት ፍቅር ታሪክ በ2001 በታይዋን ድራማ ሆነ፤ በተወለደበት በጃፓን በተዋንያን ተሠርቶ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማነት የታየው ግን ከዚያ በኋላ በ2005 ነው። ኮሪያ በ2009፣ ቻይና በ2018፣ ታይላንድ ደግሞ በ2021 እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሠርተዋል። ሀብታሙ ወጣትና ድኻዋ ተማሪ በአምስቱም አገሮች አንድ ናቸው፤ የቤተሰቡ ኩራት፣ የእናትየው ቁጣና ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በመጨረሻም እንደ ኔትፍሊክስ ያለ በኢንተርኔት ፊልምና ድራማ የሚያሳይ ድርጅት ሙሉውን ወጪ ሸፍኖ ሥራውን የሚያዝዝበት መንገድ አለ፤ ወደዚህኛው በኋላ እንመለስበታለን።

ጠያቂያችን አንድን ድራማ ለመመዘን ከፈለጉ የስሞቹን ብዛት ትተው ሦስት ነገሮችን ቢያጣሩ ይበጃል። ቀጣዩን ምዕራፍ ለመሥራት የሚወስነው ማን ነው? ታሪኩን ለሌላ አገር የመሸጥ መብት ያለው ማን ነው? የመጨረሻውን ቅንብር የሚያጸድቀውስ? የሦስቱም መልስ አንድ ኩባንያ ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ እርሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ምንም ያህል ቢደክሙበት የሥራ ተቋራጮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮሪያና ጃፓን በቅኝ ግዛት ዘመን በደረሰው ነገር እስከ ዛሬ ይካሰሳሉ ይባላል። ታዲያ ድራማ አብረው ሊሠሩ የቻሉት እንዴት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 በቅኝ ግዛት የገዛች ሲሆን፣ ደቡብ ኮሪያ ነጻ ከወጣች በኋላ የጃፓን ፊልም፣ ዘፈንና ድራማ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብ ስትከለክል ኖራለች። መንገዱ የተከፈተው ፕሬዚዳንት ኪም ዴ ጁንግ በ1998 ወደ ቶኪዮ ሄደው ከጠቅላይ ሚኒስትር ኬይዞ ኦቡቺ ጋር የጋራ መግለጫ ከፈረሙበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ክልከላው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ተነሣ። ሁለቱ አገሮች የ2002ን የዓለም ዋንጫ በጋራ ለማዘጋጀት ሲሰናዱም የኮሪያው ኤምቢሲና የጃፓኑ ቲቢኤስ «ፍሬንድስ» የተሰኘ አጭር ድራማ አብረው ሠርተው በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር አሳዩ። ዎን ቢን እና ኪዮኮ ፉካዳ የተወኑበት ይህ ሥራ ሆንግ ኮንግ ላይ የተገናኙ የአንድ ኮሪያዊ ወጣትና የአንዲት ጃፓናዊት ፍቅር በኢሜይል ደብዳቤ እንዴት እንደቀጠለ ይተርካል።

ሥራው ጨዋና ጠንቃቃ ነው። ያለፈው ታሪክ እንዳይነሣ ተብሎ ሁለቱ ወጣቶች በሦስተኛ አገር እንዲገናኙ መደረጉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ይሁን እንጂ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ስክሪፕት ላይ ተቀምጠው መስማማት እንደሚችሉ በተግባር አሳይቷል፤ በዚያ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የጃፓንን ቤት የከፈተው ግን ለጋራ ተብሎ ያልተሠራ ድራማ ነው። የኮሪያው ጣቢያ ኬቢኤስ በ2002 ለኮሪያውያን ተመልካቾች ያዘጋጀውን «ዊንተር ሶናታ» የጃፓኑ ጣቢያ ኤንኤችኬ ገዝቶ በ2003 በሳተላይት፣ በ2004 ደግሞ በዋናው ጣቢያው አሳየው። ዋናው ተዋናይ ቤ ዮንግ ጁን በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም በዕድሜ ጎልማሳ የሆኑ ሴቶች ወጥተው ተቀበሉት። ድራማው የተቀረጸባት የናሚ ደሴትም የጃፓን ጎብኚዎች መዳረሻ ሆነች። ከዚህ የምረዳው አንድ ታሪክ ድንበር እንዲሻገር ሁለት ባንዲራ መያዝ እንደማይጠበቅበት ነው፤ በራሱ አገር ሰው ዘንድ እውነት ሆኖ መገኘቱ ይቀድማል።

ዛሬ ሁለቱ አገሮች ከዚያ የሥነ ሥርዓት ዘመን ብዙ ርቀው ሄደዋል። ቲቢኤስ በ2024 መጀመሪያ ባሳየው ድራማ ኮሪያዊው ቼ ጆንግ ህዮፕ ከፉሚ ኒካይዶ ጋር ዋና ተዋናይ ነበር። በ2025 ደግሞ «ሜሪ ማይ ሀዝባንድ» የተሰኘው የኮሪያ ታሪክ በጃፓናውያን ተዋንያንና በጃፓንኛ እንደ አዲስ ተሠርቶ በአማዞን ፕራይም ቪዲዮ ቀረበ። ዳይሬክተሩም አምራቹ ስቱዲዮ ድራገንም ኮሪያውያን ናቸው። የኮሪያው ኩባንያ ታሪኩን ሸጦ መሸኘት ሲችል እስከ ቀረጻው ድረስ አብሮ ዘለቀ። በእኔ ግምት ከ2002ቱ ሙከራ ይልቅ የበሰለው የጋራ ሥራ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ «ዲሴንዳንትስ ኦፍ ዘ ሰን» የተሰኘው የኮሪያ ድራማ በታየበት ጊዜ ኮሪያና ቻይና በድራማ ሥራ በጣም ተቀራርበው ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ደረሰ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ የእስያን የድራማ ንግድ ጥንካሬም ድክመትም በአንድነት ስለሚያሳይ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

በኮሪያ ለረጅም ጊዜ የኖረው ልማድ ድራማን እያሰራጩ መቅረጽ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች አስቀድመው ይዘጋጁ ነበር፤ የቀሩት ግን በየሳምንቱ እየተጻፉና እየተቀረጹ ይተላለፉ ነበር። ጸሐፊው የተመልካቹን ስሜት እያየ ታሪኩን ሲያጠማዝዝ ተዋናዩ ደግሞ የዕለቱን ጽሑፍ ቀረጻው ቦታ ላይ ይቀበል ነበር፤ የቀረጻ ሠራተኞችም ያለ እንቅልፍ ያድሩ ነበር። በቻይና ደግሞ ከ2015 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለ ደንብ መሠረት በኢንተርኔት የሚታይ የውጭ ድራማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል ተጠናቅቆ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ሳይቀርብ ሊሰራጭ አይችልም። በየሳምንቱ የሚቀረጽ ድራማ ይህን ሊያሟላ አይችልም፤ ሕጋዊው ቅጂ ቻይና እስኪደርስም ተመልካቹ የተሰረቀውን አይቶ ይጨርሳል።

ስለዚህ ኔው የተባለው የኮሪያ ኩባንያ «ዲሴንዳንትስ ኦፍ ዘ ሰን»ን ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ቀረጸ። የቻይናው ሁዋሰ ሚዲያ በ2014 የኔውን 15 በመቶ አክሲዮን ገዝቶ ስለነበር የቻይና ገበያ ከመጀመሪያው የስሌቱ አካል ነበር። ሥራው ተጠናቅቆ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2016 ጀምሮ በኮሪያ በኬቢኤስ፣ በቻይና በኢንተርኔት ቪዲዮ አሰራጩ አይቺዪ በአንድ ጊዜ ታየ። የመጨረሻው ክፍል በኮሪያ 38.8 በመቶ የተመልካች መጠን አስመዘገበ። ጊዜ ተወስዶ በግሪክና በኮሪያ ተራሮች መቀረጹ በምስሉ ጥራት ላይ በግልጽ ይታያል።

ሌሎችም በዚያው መንገድ ተከተሉ። «ሙን ላቨርስ» ከቻይና ልብ ወለድ የተወሰደ ታሪክ፣ የኮሪያ ንጉሣዊ ቤተ መንግሥትና የአሜሪካው ኤንቢሲ ዩኒቨርሳል ገንዘብ የተገናኙበት ድራማ ነበር፤ እርሱም አስቀድሞ ተቀርጾ በ2016 በሁለቱም አገሮች ታየ። በኮሪያ ግን እንደታሰበው አልሆነም። አስቀድሞ ያለቀ ሥራ ተመልካቹ ቅር ቢሰኝበት የሚታረምበት ቀዳዳ የለውም፤ በየሳምንቱ መቅረጽ ይህን አንድ ጥቅም ይሰጥ ነበር።

በጁላይ 2016 ግን ደቡብ ኮሪያ ታድ የተባለውን የአሜሪካ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ በምድሯ ለመትከል መወሰኗን አስታወቀች፤ ቻይናም አጥብቃ ተቃወመች። የቻይና መንግሥት የኮሪያን ድራማ ከልክያለሁ ብሎ በይፋ አላወጀም፤ ነገር ግን ፈቃድ መሰጠቱ ቆመ፣ የኮሪያ ተዋንያንም ከቻይና ማስታወቂያዎችና ዝግጅቶች ጠፉ። የታዋቂዋ ተዋናይት ሊ ዮንግ ኤ መመለሻ ተብሎ በብዙ ወጪ የተዘጋጀው «ሳይምዳንግ» ቀረጻው አልቆ የቻይናን ፈቃድ ሲጠብቅ ጊዜው ሄደና በጃኑዋሪ 2017 በኮሪያ ታየ፤ በሁለቱ አገሮች በአንድ ጊዜ ይታያል የተባለው ግን ሳይሆን ቀረ። የቀረጻ ባለሙያውና ተዋናዩ ምንም ሳያጠፉ፣ ከድራማ ጋር አንዳች ግንኙነት በሌለው የጦር መሣሪያ ምክንያት የዓመታት ድካማቸው መና መቅረቱ ከልብ ያሳዝናል። ሥራቸውን በአንድ ገዢ ላይ ብቻ የመሠረቱት ኩባንያዎች በዚያ ጊዜ የደረሰባቸውን ጉዳት የእስያ አምራቾች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ጥቅም ግን አለ። ለቻይና ተቆጣጣሪ ሲባል የተጀመረው አስቀድሞ የማጠናቀቅ ልማድ በኮሪያ ሥር ሰደደ፤ ጥቂት ቆይቶም ሙሉ ምዕራፍ በአንድ ቀን የሚለቅቀው ኔትፍሊክስ ሲመጣ አምራቾቹ ተዘጋጅተው ጠበቁት። በሌላ በኩል በተመልካቾች መካከል የነበረው ቅሬታ እየከረረ ሄዷል። በማርች 2021 «ጆሰን ኤክሶርሲስት» የተሰኘ የኮሪያው ጣቢያ የኤስቢኤስ ድራማ በኮሪያ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ታሪክ ውስጥ የቻይና ምግቦችንና ጌጣጌጦችን አሳየ፣ ነገሥታቱንም አዋረደ ተብሎ ቁጣ ሲቀሰቀስበት ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ወጡና ሁለት ክፍል ብቻ ታይቶ ተቋረጠ። የኮሪያ ተመልካች በድራማው ውስጥ የገባውን የውጭ ገንዘብ በጥርጣሬ እንደሚከታተል አምራቾች ከዚያ ወዲህ በሚገባ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ «ስኩዊድ ጌም» ለኔትፍሊክስ ከፍተኛ ገቢ አስገኝቷል ይባላል። ዳይሬክተሩና ኮሪያስ ምን አገኙ? ይህስ የጋራ ሥራ ሊባል ይችላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ በመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ በእኔ አመለካከት ጥሩ በጀት የተመደበለት የትእዛዝ ሥራ እንጂ የጋራ ሥራ አይደለም። ዳይሬክተሩ ሁዋንግ ዶንግ ህዮክ ታሪኩን ከ2008 ጀምሮ ሲጽፈው ቆይቶ በአገሩ ገንዘብ አውጪ ሳያገኝ ዐሥር ዓመት ያህል አለፈ። ኔትፍሊክስ ተቀብሎ ሙሉውን ወጪ ሸፈነ፤ መብቱንም ወሰደ። ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ የዘጠኙ ክፍሎች ወጪ 21.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ድራማው ለድርጅቱ ያስገኘው ዋጋ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት 142 ሚሊዮን ቤተሰቦች እንዳዩት ኔትፍሊክስ ራሱ ገልጿል። ዳይሬክተሩ ደግሞ በዚያው ሰሞን በሰጠው ቃለ ምልልስ የተከፈለው በመጀመሪያው ውል የተጻፈው ብቻ መሆኑን ተናግሯል።

ፍርዱ ሚዛናዊ እንዲሆን የሌላውንም ወገን ማየት ይገባል። ድራማው ባይወደድ ኖሮ ኪሳራው የኔትፍሊክስ ይሆን ነበር፤ አምራቹ ወጪውንና የተስማማበትን ትርፍ በእጁ ይዞ ይወጣ ነበር። በኮሪያ ብዙ አምራች ኩባንያዎች አንድ ድራማ ሲከስር አብረው ይወድቁ ስለነበር ይህ ዋስትና ትልቅ ነገር ነው። ድርጅቱ በኤፕሪል 2023 በአራት ዓመት ውስጥ በኮሪያ 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያፈስ አስታውቋል። የዚያኑ ያህል የታዋቂ ተዋንያን ክፍያ በመናሩ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መወዳደር እያቃታቸው የድራማ ሰዓታቸውን ቀንሰዋል።

ምርጫው ምን እንደሚመስል ለማየት ኤስቶሪ የተባለውን የኮሪያ ኩባንያ መመልከት ይጠቅማል። ኩባንያው በ2019 «ኪንግደም»ን ለኔትፍሊክስ በትእዛዝ ሠርቶ ሥራው በዓለም ዙሪያ ቢመሰገንም መብቱ የእርሱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስለ አንዲት ኦቲዝም ያለባት ወጣት ጠበቃ የሚተርከውን «ኤክስትራኦርዲናሪ አተርኒ ዉ»ን ሲያዘጋጅ መብቱን በእጁ ለማስቀረት ወሰነ። በአገር ውስጥ የማሰራጨት መብቱን ኢኤንኤ ለተባለ ብዙ ሰው ለማያውቀው የኬብል ጣቢያ ሰጠ፤ ኔትፍሊክስ ያገኘው የማሰራጨት ፈቃድ ብቻ ነው። በጁን 2022 የመጀመሪያው ክፍል ከ1 በመቶ ያነሰ ተመልካች ነበረው፤ የመጨረሻው 17.5 በመቶ ደረሰ። ታሪኩን ወደ ሌላ አገር የመሸጥና በሌላ መልክ የማውጣት መብቱም በኩባንያው እጅ ቀረ። ኤስቶሪ ያንን አደጋ ለመሸከም የቻለው ከ«ኪንግደም» ልምድና ስም ስላገኘ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም። የመጀመሪያው የትእዛዝ ሥራ ለሁለተኛው ነጻነት መንገድ ጠርጎለታል።

ገንዘቡም ቢሆን ሁልጊዜ ከአሜሪካ ወደ እስያ ብቻ አይፈስስም። ሲጄ ኢኤንኤም የተባለው የኮሪያ ኩባንያ በ2022 መጀመሪያ ኢንዴቨር ኮንቴንት ከተባለው የአሜሪካ አምራች 80 በመቶውን ገዝቶ ስሙን ፊፍዝ ሲዝን አሰኝቶታል። በዚያው ቡድን ውስጥ ያለው ስቱዲዮ ድራገንም በ2023 ከአሜሪካው ስካይዳንስ ጋር ለአፕል ቲቪ የእንግሊዝኛ ድራማ ሠርቷል።

ጥያቄ፦ በ«ፓቺንኮ» ውስጥ ተዋንያኑ በሦስት ቋንቋ ይናገራሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ለተመልካች እንዴት ግልጽ ይሆናል? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ በ2022 በአፕል ቲቪ የቀረበው ይህ ድራማ በጃፓን የኖሩ የአንድ ኮሪያዊ ቤተሰብ ትውልዶችን ታሪክ ይዟል። አዘጋጆቹ ከታች የሚነበበውን ትርጉም በቀለም ለዩት፤ የኮሪያኛው ንግግር በቢጫ፣ የጃፓንኛው በሰማያዊ ይጻፋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀለሙ ሲቀያየር ኮሪያኛም ጃፓንኛም የማይሰማ ተመልካች ተናጋሪው ቋንቋ መቀላቀሉን፣ ለማን በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደመረጠም ያያል። ወላጆች በአንድ ቋንቋ ተናግረው ልጆች በሌላ በሚመልሱበት ቤት ላደጉ አንባቢዎቻችን ይህ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀረጻው የተካሄደው በኮሪያና በካናዳ ሲሆን የጥንቱ የኦሳካ ሰፈርም የተሠራው ለቀረጻ ተብሎ ነው። ገንዘቡ የአሜሪካ ቢሆንም ቋንቋዎቹ ወደ እንግሊዝኛ እንዲጠቀለሉ አለመደረጉ ሊመሰገን ይገባል።

ጥያቄ፦ የቱርክ ድራማ የሆነውን «ካዲን» በኢንተርኔት ተከታትዬ ጨረስኩት። እኅቴ ግን ታሪኩ የጃፓን ነው ትለኛለች። እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እኅትዎ ልክ ናቸው። ካና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ በየቤታችን ስለገቡ ብዙዎቻችን የቱርክን ጠባይ የምናውቅ ይመስለናል፤ ከእነዚህ ታሪኮች አንዳንዶቹ ግን የተወለዱት በቶኪዮ ነው። «ካዲን» የተወሰደው የጃፓኑ ኒፖን ቲቪ በ2013 ካሳየው «ውማን» ከተሰኘ ድራማ ነው። በ2016 የጀመረው «አንኔ»ም ከዚያው ጣቢያ የ2010 «ማዘር» የመጣ ነው። የሁለቱም ጸሐፊ ዩጂ ሳካሞቶ ናቸው። «ማዘር» ቤተሰቧ የሚያሠቃያትን ሕፃን ይዛ የጠፋችን መምህርት ታሪክ የያዘ ሲሆን በኮሪያም በ2018 ተሠርቷል።

ልዩነቱን ለማየት ርዝመቱ ብቻ ይበቃል። የጃፓኑ «ውማን» እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት የማይሞሉ 11 ክፍሎች ብቻ አሉት፤ የቱርኩ «ካዲን» ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስዱ 81 ክፍሎች ሆኗል። የቱርክ ጣቢያዎች አንድ ድራማ ሙሉ ምሽት እንዲይዝላቸው ስለሚፈልጉ ጎረቤቱ፣ አማቱና ተቀናቃኙ ሁሉ የራሳቸው ታሪክ ይበጅላቸዋል። በጃፓኑ ሥራ ባልየው በእርግጥ ሞቷል፤ ድራማውም ሁለት ልጆች ይዛ የቀረች እናት በድህነትና በሕመም መካከል እንዴት እንደምትኖር በጸጥታ ይከታተላል። በቱርኩ ባልየው በሕይወት ይገኛል። ይህ አንድ ለውጥ የድራማውን ጠባይ ከመሠረቱ ይለውጠዋል፤ የኑሮ ድራማ የነበረው የምስጢርና የፍቅር ድራማ ይሆናል። የጃፓኑ ይበልጥ ቢነካኝም የቱርኩን አዘጋጆች ግን አልወቅስም፤ ታሪኩን ገዝተው የራሳቸው ተመልካች በሚቀበለው መንገድ መሥራት መብታቸው ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪፕት እጽፋለሁ። አነስተኛ የድራማ ኢንዱስትሪ ያለው አገር ከትልቅ የውጭ ኩባንያ ጋር ቢሠራ ይጠቀማል ወይስ ይዋጣል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ቬትናም ናት። የቬትናም ቴሌቪዥንና የጃፓኑ ቲቢኤስ የሁለቱን አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነት 40ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2013 አንድ ድራማ በጋራ ሠርተዋል። የመረጡት ታሪክ ፋን ቦይ ቻው የተባሉት የቬትናም የነጻነት ታጋይ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ጃፓን ባመጡ ጊዜ ሳኪታሮ አሳባ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም እንዴት እንደረዷቸው የሚናገር ነው። ይህ ታሪክ አንዱን አገር ብታወጡበት ይፈርሳል፤ የሁለቱም ተዋንያንና የሁለቱም ቋንቋ በውስጡ መገኘት የግድ ነው። ለጋራ ሥራ የሚሆን ታሪክ ሲፈለግ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ቬትናም ከኮሪያው ሲጄ ጋር «ፎርኤቨር ያንግ» የተሰኘ ባለ 36 ክፍል ድራማ ማሳየት ጀመረች። ለትምህርት ወደ ኮሪያ የሄደች ቬትናማዊት ወጣት ታሪክ ሲሆን በሁለቱም አገሮች ተቀርጿል። ኛ ፉዎንግ እና ኮሪያዊው ካንግ ቴ ኦ የተወኑበት ይህ ሥራ በመወደዱ ሁለተኛ ምዕራፍ አግኝቷል፤ ካንግ ቴ ኦም በኋላ ከላይ በጠቀስነው የጠበቃዋ ድራማ በዓለም ታውቋል። ቬትናማውያን በገንዘብ ከኮሪያ ጋር እኩል አልነበሩም፤ ነገር ግን ዋናዋ ባለታሪክ የእነርሱ ልጅ ነበረች፣ ድራማውም በብሔራዊ ጣቢያቸው በዋናው ሰዓት ታየ። እነዚህ ሁለቱ ከተጠበቁ ትንሹ አጋር አይዋጥም ብዬ አምናለሁ።

እርስዎ በግልዎ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ግን የሚፈርሙት ወረቀት ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት በተቀጣሪነት ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በስተቀር የመጀመሪያ ባለቤትነቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ውሉ ስለ ባለቤትነት ምንም ሳይል ካለፈ መብቱ ከእጅዎ ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉውን መብት የማስቀረት አቅም ባይኖርዎ እንኳ ቀጣይ ምዕራፍ ቢሠራ የመጻፍ ቅድሚያ እንዲሰጥዎ፣ ታሪኩ ለሌላ አገር ቢሸጥ የተወሰነ መቶኛ እንዲደርስዎ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ ካልዋለ ጽሑፉ እንዲመለስልዎና ስምዎ በሁሉም ቅጂ ላይ እንዲጠቀስ በግልጽ ያጽፉ። ውሉ በውጭ ቋንቋ ከተዘጋጀ የአማርኛ ትርጉሙን ይጠይቁ፤ በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢፈጠር የትኛው እንደሚጸና፣ ክርክር ቢነሣም በየትኛው አገር ፍርድ ቤት እንደሚታይ ከመፈረምዎ በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር ይመልከቱት።